ጎርፍ ያልወሰደው ሳጥን

ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን ጎሮ ሰፈር ላይ የወረደው ዝናብ በረዶ የቀላቀለ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የወንዙ ድምፅ ተለወጠ፤ ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ ውሃው ከአስፋልቱ በታች ያሉት የጭቃ ቤቶች ግቢ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ይጮሃል፣ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ትበርህ ግን በፎቅ ቤቷ በረንዳ ላይ ቆማ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትጸልያለች። ጸሎቷን የሰማ ጎረቤት ቢኖር ዳግመኛ ሰላም አይላትም ነበር። «አምላኬ፣ ሰው አትንካብኝ። ያቺን ሳጥን ግን ውሰድልኝ» ነበር የምትለው።

ሳጥኗ የሌላ ሰው አይደለችም፣ የራሷ የትበርህ ናት። ታች ወንዙ ዳር፣ እትዬ አሰጋሽ ቤት፣ አልጋ ሥር በአደራ ከተቀመጠች አራት ዓመት ሆኗታል። በጓጉንቸር የተቆለፈች ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳጥን ናት። የትበርህ ባል ተስፋማርያም፣ የሚስቱ ወርቅ እዚያ ውስጥ እንዳለ ያውቃል። እትዬ አሰጋሽም እንደዚያው ያውቃሉ። ወርቅ እንደሌለባት የምታውቀው ትበርህ ብቻ ናት።

ትበርህ ተጠራጣሪ ናት፤ ይህን ለመሸፋፈን መሞከር ዋጋ የለውም። በርበሬ ስታስፈጭ ወፍጮ ቤት በር ላይ ተቀምጣ የመጨረሻዋ ብናኝ እስክትወርድ ትጠብቃለች። የዘይቱ ጄሪካን ላይ በእስክሪብቶ መስመር ታሰምራለች። ታክሲ በስልክ ስትጠራ ገና ሳትገባ ታርጋውን ፎቶ አንስታ ለልጇ ለሄርሞን ትልካለች። «አንቺ እኮ ንስሐ አባትሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» ይላታል ተስፋማርያም። «ብጠይቅስ ምን አለበት?» ትላለች፣ ከልቧ።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በዚያ ክፉ ክረምት፣ ቤት ለቤት ፍተሻ አለ ሲባል፣ ትግርኛ የሚናገር ሰው ስልክ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት ጊዜ፣ ተስፋማርያም አንድ ቀን ፊቱ አመድ መስሎ ከሱቁ ገባ። «ወርቅሽን ለእትዬ አሰጋሽ ስጫቸው» አላት። ምክንያት ነበረው። በየበዓሉ አብረዋቸው ሲበሉ የኖሩ ሰዎች በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ስልካቸውን ማየት ይጀምሩ ነበር። እትዬ አሰጋሽ ግን በየጠዋቱ ወተት ማምጣታቸውን አንድም ቀን አላቋረጡም።

ትበርህን የከነከናት ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞር እሳቸው ብቻ ለምን ደግ ሆኑ? ደግሞስ ይህ ፎቅ ያረፈበት መሬት የእሳቸው ባል ገብስ ይዘሩበት የነበረ አይደለም እንዴ? በባሏ ማሳ ላይ የሰው ፎቅ ሲበቅል ያየች ሴት በየጠዋቱ ወተት ይዛ ትመጣለች? ሆዷ አልቀበል አላት። እናም ከሕንፃ መሣሪያ ሱቃቸው አንድ እፍኝ ብሎንና ጥቂት ማጠፊያ አመጣች፤ በአሮጌ ሻሽ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችና ቆለፈች፤ ከዚያ ነቀነቀቻት። ድምፅዋ የወርቅ ይመስላል። እውነተኛውን ወርቅ በፌስታል ጠቅልላ ሽሮው ባልዲ ውስጥ ቀበረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ከእሷ በቀር ሽሮ የሚጨልፍ የለም።

እትዬ አሰጋሽ ሳጥኗን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ምን እንዳለባት አትንገሪኝ» አሏት። ትበርህ ግን ዝም ብል ይጠረጥሩኛል ብላ «ወርቄና ጥቂት ወረቀት ነው» አለች። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «እንግዲያው ስትወስጃት ባልሽም ባለበት፣ እዚሁ ፊቴ ትከፈታለች። አደራ ተከፍቶ ታይቶ ‹ሙሉ ነው› ካልተባለ አልተመለሰም። እናቴ እንደዚያ ነው ያስተማረችኝ።»

ትበርህ የታሰረችው በዚህች ቃል ነው። ክፉው ቀን ካለፈም በኋላ ሳጥኗን ለመውሰድ አፏን መክፈት አልቻለችም። ባሏ ፊት ስትከፈት ምን ልትል ነው? ሄርሞን ስትመረቅ እንኳን አርቲፊሻል ሐብል አንገቷ ላይ አድርጋ ፎቶ ተነሳች። እትዬ አሰጋሽን መንገድ ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር «አለች፣ አታስቢ፤ በየቅዳሜው እወለውላታለሁ» ይሏታል፤ እሷም ፈገግ ብላ ታልፋለች። ያቺ ሳጥን አንድ ቀን ከተከፈተች፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ፊታቸውን ያላዞሩት ብቸኛ ሴት ትበርህ እንደ ሌባ እንዳየቻቸው ያውቃሉ። ይህ ነበር ፍርሃቷ። ለዚህ ነው ጎርፉ ሲመጣ በልቧ እልል ያለችው።

አሁን ከበረንዳዋ ሆና የእትዬ አሰጋሽን በር ታያለች። ውሃው መስኮቱ ሥር ደርሷል። ልጃቸው ኦላና፣ አደባባዩ ጋ ብየዳ የሚሠራው ጎልማሳ፣ ሁለቱን ላሞች በገመድ እየጎተተ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ከእሱ ኋላ እትዬ አሰጋሽ ከቤት ወጡ። ውሃው ወገባቸው ድረስ ነው፤ በአንድ እጃቸው አጥሩን ይዘዋል፣ በሌላው ራሳቸው ላይ ያለውን ሰማያዊ ነገር ደግፈዋል። ሌላ ምንም አልያዙም።

«የአንቺን ሳጥን! ትበርህ፣ የአንቺን ሳጥን ነው እኮ ይዘው የወጡት!» አለ ተስፋማርያም ከኋላዋ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ትበርህ «አዎ» አለች።

በማግስቱ ወንዙ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ ወደ መሄጃው ተመልሶ ነበር። የተወው ጭቃውን ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ፣ የሞተ በግ፣ የላስቲክ ዓይነት፣ ደግሞም የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሶፋ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ። ትበርህ አራት ዳቦና ሁለት ብርድ ልብስ ይዛ ወረደች። ለደግነት ነው የመጣችው ያለ ሰው በግማሽ ተሳስቷል። ሳጥኗን ለማየት ነበር።

የእትዬ አሰጋሽ ቤት ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር ከትበርህ ትከሻ ይበልጣል። የበዓል ልብሳቸው ያለበት ሳጥን ሄዷል። የባላቸው ብቸኛ ፎቶ ሄዷል። እሳቸው በተሰበረ አካፋ ጭቃ ያወጣሉ። ትበርህን ሲያዩ አካፋውን አስቀመጡ፤ ዓይኗን ግን አላዩም።

«እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ፣ እትዬ» አለች ትበርህ።

«አሜን» አሉ፣ ወደ ጭቃው እያዩ።

«እኛ ቤት ይምጡ። የሄርሞን አልጋ ባዶውን ነው ያለው።»

«አይ! አይ፣ ይቅርብኝ» አሉ፣ እሳት እንደነካው ሰው ፈጥነው። «የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰጥተውናል። አንቺ ቤትማ አልመጣም።»

አንቺ ቤትማ አልመጣም! ቤቱ የፈረሰበት ሰው በአዳራሽ ሲሚንቶ ላይ በምንጣፍ ከመተኛት የሚያምር አልጋ እንቢ የሚለው ለምንድን ነው? ዓይኗን ወዲያ ወዲህ አዞረች። መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከደረቀ ሳሙና ጎን፣ ጓጉንቸር ተቀምጧል። እነ ትበርህ ሱቅ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ማንጠልጠያው በድንጋይ ተቀጥቅጦ ተሰብሯል።

አላስቻላትም፤ ዳቦውን አስረክባ፣ ሌላ ቃል ሳትናገር፣ እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ከፍተዋታል። አይተዋል። ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ሰው እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝም የሚለው ቀን ሲጠብቅ ነው። ቀኑ ደግሞ የታወቀ ነው፣ እሁድ። እሁድ እድሩ ጎርፍ ስለጎዳቸው ሰዎች ሊነጋገር ይሰበሰባል። እዚያ፣ ሁሉም ባለበት፣ ሻሹን ፈትተው ብሎኑን ጠረጴዛ ላይ ሊያፈሱት ነው። ትበርህ ድምፁ እንኳን ተሰማት።

ማታ ራት ላይ ተስፋማርያም «ሳጥኗስ? ውሃ ገብቶባት ይሆናል፣ እንጠይቃቸው እንጂ» አላት።

ትበርህ ዓይኗን በጨው አጥባ «አታፍርም? ሰው ቤቱ ፈርሶበት ስለ ወርቅ ይጠየቃል?» አለችው።

ተስፋማርያም አፈረ። ትንሽ ቆይቶም እጇን ያዘና «ልክ ነሽ። አንዳንዴ አላውቅሽም እኮ» አላት። እሷ ሽሮዋን አየች። እሱስ እውነቱን ነው።

ዓርብ ፈለቀች መጣች፤ የእድሩ ለፋፊ ሚስት ናት፣ ወሬ ከባሏ ቀድማ የምታደርስ። ለተጎጂዎች ልብስ ትሰበስባለች። ኮትና ሹራቡን እያጣጠፈች «የአሰጋሽን ሰምተሻል?» አለች።

«ምኑን?» አለች ትበርህ፣ ጆሮዋን አቁማ።

«ኦላናን አባረረችው። አዳራሹ በር ላይ፣ ሰው እያየ፣ ‹ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ› አለችው። ልጁ ጫማውን እንኳን ሳያስር ነው የሄደው። ትናንት ደግሞ ነጋዴ ጠርታ ሁለቱንም ላሞች ሸጠች።»

«ላሞቹን? ለምን?»

«ብንጠይቃት ብንጠይቃት ‹የቤት ጉዳይ ነው› ብላ ዘጋችን።»

ትበርህ ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ነገሩን ገለበጠችው፣ መለሰችው። ላም የሚሸጥ ሰው ገንዘብ ፈልጎ ነው፤ ገንዘብ የሚፈለገው ለጠበቃ ነው። ኦላና ‹ይቅር እማዬ፣ ጎረቤት ናቸው› ሳይላቸው አልቀረም፤ ለዚህ ነው ያባረሩት። ብሎኑን ምስክር አድርገው፣ ስም ማጥፋት ብለው ክስ መሥርተው፣ በዚያው የመሬቱንም ነገር ሊያነሱ ነው። ይህን ሁሉ ብቻዋን፣ ወጥ እያማሰለች፣ ከክሱ እስከ ፍርዱ ጨረሰችው። ወጡ አረረባት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳ ላይ ነበረች። እድሩ የሚሰበሰበው ስምንት ሰዓት ነው፤ ገና አራት ሰዓት አልሞላም። ከታች፣ ጭቃው ደርቆ መሰነጣጠቅ በጀመረበት መንገድ፣ እትዬ አሰጋሽ ብቻቸውን ሲመጡ አየች። ሳጥኗን በብብታቸው ይዘዋል። ጎንበስ ብለዋል። ማጅራታቸው ላይ የወንዝ ድንጋይ ተሸክመዋል፤ ጡት እንደተወ ሕፃን ጭንቅላት የሚያክል ድንጋይ።

«ካሊድ!» ብላ ጮኸች ወደ ጥበቃው። «በሩን እንዳትከፍት! ድንጋይ ይዘዋል! ሊወረውሩብን ነው!»

ተስፋማርያም በጩኸቷ ከቤት ወጥቶ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ፊቱ ተቀየረ። «ምን ነካሽ አንቺ? የይቅርታ ድንጋይ መሸከም አታውቂም እንዴ? የእኛስ አገር ሰው እንደዚህ አይደል የሚለምነው?» አለና በነጠላ ጫማው ደረጃውን ወረደ። ትበርህ ታውቀዋለች። ገና በሕፃንነቷ አያቷ ቤት በር ላይ አይታዋለች። ግን አንድም ቀን ወደ እሷ ቤት ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

ተስፋማርያም በሩ ላይ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አንስቶ መሬት አስቀመጠው። አቧራውን ከነጠላቸው ላይ በእጁ አራገፈ። ሳሎን አስገባቸው። አልቀመጥም አሉ። ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ከጎኗም በመሀረብ የተቋጠረ ነገር።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለ ተስፋማርያም።

«አደራ በልቻለሁ» አሉ እትዬ አሰጋሽ። «አደራ በላ ሆኜ ነው በርህ ላይ የመጣሁት።»

ከዚያ እንደቆሙ የሆነውን ተናገሩ። ሳጥኗ ውሃ ገብቶባት ነበር። ትበርህ ‹ወረቀትም አለበት› ስላለቻቸው እንዳይበሰብስ ብለው፣ ቁልፉ ስለሌላቸው፣ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበሩት። ሻሹን ሲፈቱ ብሎን አገኙ።

«ብሎኑን ሳይ ማንን እንደምይዝ አላጣሁም» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ ይህ ነው ትበርህን የባሰ ያስፈራት። «በቤቴ ብሎን የሚነካ ሰው አንድ ነው። ቁልፍ መክፈትም ያውቃል፣ ሥራው ነው። ለፋሲካ ያን የብየዳ ማሽን ሲገዛ ‹በእቁብ ነው› አለኝ፣ አመንኩት። አሁን ብጠይቀው ምሎ ተገዝቶ ካደ። አባቱን ቢጠራም አላመንኩትም። ሂድልኝ አልኩት።»

መሀረቡን ፈቱ። የጆሮ ጉትቻቸው ነበር፣ ከሰርጋቸው ቀን ጀምሮ ከጆሯቸው ወርዶ የማያውቀው። ከእሱም ጋር ከላሞቹ ሽያጭ የተገዛ አዲስ የእጅ አምባር። «እንደ ጠፋው እንደማይሆን አውቃለሁ። የቀረውን ቀስ እያልኩ እመልሳለሁ። ባልሽም እዚሁ አለ። አደራውን አላግባብ ነው የያዝኩት፣ ይቅር በይኝ።»

ተስፋማርያም ጭንቅላቱን ያዘ። «እትዬ፣ ይህን ይውሰዱ። ወርቅ ምን ያደርጋል? ልጅ ነው፣ ይሳሳታል፣ ይመለሳል» አለ።

ትበርህ በዚያች ቅጽበት ያሰበችውን መደበቅ አይገባም፤ መንገዱ ክፍት ነበር። ባሏ ይቅር ብሏል። እትዬ አሰጋሽ ጉትቻቸውን መልሰው ይዘው ይሄዳሉ። ሳጥኗ ተከፍታ ታይታለች። ትበርህን ማንም አይጠረጥራትም፤ ኦላና ብቻ ዕድሜ ልኩን ሌባ ሆኖ ይቀራል።

«የት እንዳደረ እንኳን አላውቅም» አሉ እትዬ አሰጋሽ።

ትበርህ ተነስታ ወደ ማዕድ ቤት ሄደች። የሽሮውን ባልዲ በሁለት እጇ አቅፋ ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑን ከፈተች። እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ፌስታሉን አውጥታ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታች፣ ወርቁንም ከብሎኑ አጠገብ አፈሰሰችው። ሐብሉ፣ አምባሩ፣ የእናቷ ቀለበት፣ ሁሉም ሽሮ ለብሶ።

«ወርቅ አልነበረበትም» አለች። «መጀመሪያውኑ አልነበረበትም። ብሎኑን እኔ ነኝ የከተትኩት።»

ተስፋማርያም ወርቁን አየ፣ ሚስቱን አየ። ወንበር ስቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

እትዬ አሰጋሽ ጣታቸውን ሽሮው ላይ ነካ አደረጉ፣ ውሸት መሆኑን ሊያረጋግጡ የፈለጉ ይመስል። «እሰርቅሻለሁ ብለሽ ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«ወተት ሳመጣልሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።» ትበርህ እንባዋ ወረደ፤ ማልቀሷ ራሱ አሳፈራት። ድንጋዩን ተሸክማ ደጃቸው መውደቅ ያለባት እሷ ናት። ይህንንም ልትል አፏን ስትከፍት እትዬ አሰጋሽ እጃቸውን አነሱ።

«የእኔን ተይው» አሉ። «እኔን ሌባ ያልሽኝ በሆድሽ ነው፣ ማንም አልሰማም። እኔ ግን ልጄን በሰው ፊት ነው ያልኩት።» ከደረታቸው ውስጥ ትንሿን ስልካቸውን አወጡ። ዓይናቸው ስለማያይላቸው ከፊታቸው አርቀው ይዘው ደወሉ። ሲጠራ ስልኩን ለትበርህ ዘረጉላት። «እኔ ምን ብዬ ነው የማናግረው? አንቺ ንገሪው።»

ትበርህ ተቀበለች። ጠራ፣ ጠራ። አምስተኛው ላይ ተነሳ። ከበስተጀርባ የብረት መቁረጫ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ድምፁ ቆመ።

«እማ?» አለ ኦላና። መልስ አልጠበቀም፣ ሲያስበው የከረመውን ነገር ቶሎ ቶሎ ይናገር ጀመር። «እማ፣ ገላን ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። ሠርቼ እመልስላቸዋለሁ። አልወሰድኩም፣ ግን እመልስላቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ላሞቹን እንዳትሸጪ።»

እትዬ አሰጋሽ ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው የልጃቸውን ድምፅ ሰሙ። ጉትቻ የሌለው ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ኦላና» አለች ትበርህ። «እናትህ አይደለሁም። ትበርህ ነኝ።»

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ብሎን አንስታ በመዳፏ ጨበጠች። ልጁም አልዘጋባትም፤ ይጠብቃት ጀመር።